ከነገሌ የውሃ ፓምፕ እስከ ሀገር በቀል ሚሳይል

በየሻይ ቤቱ የጦር መሣሪያ ወሬ ደርቷል። አንዱ ስለ ድሮን ያወራል፣ ሌላው ሚሳይል ይቀጥልበታል፣ ሦስተኛው ደግሞ ካርታ የያዘ ይመስል «ከዚህ ተተኩሶ እዚያ ድረስ!» እያለ በጣቱ ይለካል። የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ «ስካይዊን ኤሮኖቲክስ ኢንዱስትሪስ» የተባለውን የድሮን ፋብሪካ መርቀው ከከፈቱ ወዲህ ወሬው ብሶበታል። ፋብሪካው ለሲቪልም ለውትድርናም የሚሆኑ ሰው አልባ አውሮፕላኖችን እንደሚሠራ ተነግሮናል። እሰየው ያለም አለ፣ ያንገሸገሸውም አለ።

ነገሩን ቀለል አድርገን እንየው። ኢላማው ላይ ወድቆ ራሱን የሚያፈነዳ ድሮን በሥራው ትንሽ ክሩዝ ሚሳይል ነው። ክንፍ አለው፣ ሞተር አለው፣ የሚሄድበት ቦታ አስቀድሞ ይነገረዋል፣ ሄዶ አይመለስም። ትልቁ ክሩዝ ሚሳይል ደግሞ ጄት ሞተር ተገጥሞለት፣ ራዳር እንዳያየው መሬት መሬቱን እየታከከ፣ ተራራና ሸለቆውን እየተከተለ በመቶዎች አንዳንዱም በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይበራል። እንግዲህ ድሮን መሥራት የጀመረ አገር ነገ ዓይኑን ወደ ረጅሙ ሚሳይል ቢጥል የሚያስገርም አይሆንም። ስለዚህ ጥያቄውን ዛሬ እናንሳ። ከተተኮሰ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ ለቅሶ ቤት ነው የሚጠየቀው።

መጀመሪያ ግን አቋሜን ልናገር። እኔ አገር ራሷን አትከላከል ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ነገሌ ቦረናን የረገጠ ሰው እንደዚያ ሊል አይችልም። በ1928 ዓ.ም ራስ ደስታ ዳምጠው በዚያ ቆላ ጦር ይዘው ወደ ዶሎ ሲወርዱ ከላይ የጠበቃቸው የግራዚያኒ አውሮፕላን ነበር። ቦምብም፣ የመርዝ ጋዝም ዘነበባቸው። ያ ሁሉ ጀግና በገናሌ ዶሪያ ዳር ያለቀው ወኔ አንሶት አይደለም፤ ወደ ሰማይ የሚመልሰው ነገር ስላልነበረው ነው። ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም መልካ ዲዳ ላይ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረውን የስዊድን ሐኪሞች ሰፈር እንኳ ኢጣልያኖቹ በአውሮፕላን ደበደቡት። ጥር ሳይጋመስ ግራዚያኒ ነገሌ ገባ። ራስ ደስታም በየካቲት 1929 ተይዘው ተረሸኑ።

በ1969ም ያየነው አለ። የሶማሊያ ጦር ሊወረን ሲዘጋጅ አሜሪካ የመሣሪያ በሯን ዘጋችብን። ገንዘቡ የተከፈለበት መሣሪያ ሳይቀር እዚያው ቀረ። ሻጭ ሲከፋው አይሸጥልህም፤ ይህ እውነት ነው። ስለዚህ «የራሳችንን እንሥራ» የሚለውን ሐሳብ እኔ አልነቅፈውም። የምነቅፈው ጥያቄ የሚጠይቅ ሁሉ እንደ ጠላት የሚቆጠርበትን ፈሊጥ ነው።

ጥያቄዎቼ ሦስት ናቸው።

አንደኛው፦ ለሚሳይሉ አድራሻውን የሚነግረው ማን ነው? ሚሳይል በራሱ ዕውር ነው። የሰጡትን ቁጥር ይዞ ይሄዳል። ቁጥሩ ትክክል ከሆነ የጦር ሰፈር ይመታል፤ ስህተት ከሆነ የሰው ቤት ይመታል፣ እሱ ግን ልዩነቱን አያውቅም።

ነሐሴ 14 ቀን 1990 ዓ.ም አሜሪካኖች በክሩዝ ሚሳይል ካርቱም ውስጥ «አልሺፋ» የተባለውን ፋብሪካ መቱ። ሚሳይሎቹ አልሳቱም፤ የተባሉበት ቦታ በትክክል አርፈዋል። የሳተው መረጃው ነው። የኬሚካል መሣሪያ ይሠራበታል የተባለው ፋብሪካ ለሱዳን ሕዝብ መድኃኒት የሚያመርት ነበር። ያቀረቡት ማስረጃ እስከ ዛሬ ብዙ ሰው አላሳመነም። በሳተላይት መርፌ ያያሉ የሚባሉት እንዲህ ካደረጉ እኛስ?

እኛማ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። መጋቢት 1 ቀን 2010 ዓ.ም ሞያሌ ላይ የመከላከያ ወታደሮች በትንሹ ዘጠኝ ሰላማዊ ሰዎችን ገደሉ። ኮማንድ ፖስቱ የሰጠው ምክንያት «የተሳሳተ መረጃ» የሚል ነበር፤ ታጣቂ ገብቷል ተብሎ። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በአንድ ሳምንት ውስጥ ድንበር ተሻግሮ ኬንያ ገባ። ልብ በሉ! እነዚያ ወታደሮች በእግራቸው የቆሙ፣ በዓይናቸው የሚያዩ፣ ከሰዎቹ ጋር ፊት ለፊት የነበሩ ናቸው። በዓይን እየታየ እንዲህ ከተሳሳተ፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ከመቶ ኪሎ ሜትሮች ማዶ ሲተኮስ ስህተቱ ምን ያህል ይሆን?

መልሱን አይተነዋል። በ2014 ዓ.ም በገና ዕለት ትግራይ ውስጥ ደደቢት ላይ ተፈናቃዮች የተጠለሉበት ትምህርት ቤት ከአየር ተመትቶ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ፍኖተ ሰላም ላይ ከአየር በወረደ ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ሰው ለዜና ወኪሎች ተናግሯል። የሞቱት በግራዚያኒ እጅ አይደለም። ይህንን ያልኩት የማንንም ወገን ከበሮ ልመታ አይደለም፤ በኅዳር 2013 በጎንደርና በባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያዎች፣ ከዚያም በአስመራ ላይ ሮኬት የተኮሱትም የመከላከያን መሣሪያ ነጥቀው የወሰዱ የሕወሓት ሰዎች ነበሩ። እዚህ ላይ ሌላ ትምህርት አለ፦ የሠራኸው መሣሪያ ሁልጊዜ በሠራኸው እጅ ላይ አይቆይም። ለጠላት ብለህ ያስቀመጥከው በአንድ ሌሊት ዞሮ የራስህን ከተማ ያነጣጥራል።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ገንዘቡን ማን ይቆጥረዋል? «ምስጢር ነው» የሚል ማኅተም የተመታበት ሥራ ሁሉ ሌባ ይወድደዋል። ሜቴክን ረሳነው እንዴ? በ2002 ዓ.ም ሲቋቋም አገር በኢንዱስትሪ ልትጥለቀለቅ ነው ተብሎ ተዘፍኖለት ነበር። በኅዳር 2011 የያኔው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ ምን አለን? ድርጅቱ 37 ቢሊዮን ብር የሚያህል የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ ፈጸመ። የስኳር ፋብሪካዎቹ ነገር፣ የሕዳሴው ግድብ ሥራ መጓተት፣ ስንቱ ይነገራል። ያ ሁሉ ሲሆን «ሀገር በቀል» የሚለው ቃል እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ነበር። ማን ይጠይቅ? የጠየቀ ልማት የማይወድ ተባለ።

እስቲ በጦርነት መሀል ያለችውን ዩክሬንን ተመልከቱ። በነሐሴ 2017 ዓ.ም «ፍላሚንጎ» የተባለ ክሩዝ ሚሳይል ለዓለም አሳየች፤ አምራቾቹ 3000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ከ1000 ኪሎ የሚበልጥ ፈንጂ ይሸከማል አሉ። በዚያው ወር የአገሪቱ የፀረ ሙስና መሥሪያ ቤት ፋብሪካውን በዋጋ ጉዳይ እየመረመረ እንደሆነ ጋዜጦች ጻፉ። ኩባንያው ጥፋት የለብኝም አለ። ጥፋተኛ ይሁን አይሁን የእኔ ጉዳይ አይደለም። የእኔ ጉዳይ ይኸውላችሁ፦ ቦምብ በሚዘንብባት አገር ሚሳይል የሚሠራን ኩባንያ «ሒሳብህን አሳይ» የሚል ቢሮ ተገኘ፣ ያንን የሚጽፍ ጋዜጣም ተገኘ። እኛ ጋ ስለ ፋብሪካው ሒሳብ የሚጠይቅ የምክር ቤት አባል ተነስቶ ሰምታችኋል? ሕገ መንግሥቱ እኮ የመከላከያን አደረጃጀት የመወሰን ሥልጣን የሰጠው ለምክር ቤቱ ነው፤ ለአጨብጫቢ አይደለም።

ሦስተኛው ጥያቄ ለደቡብ ቆላ ሰው ከሁሉ ይብሳል፦ የት ነው የሚሞከረው? ረጅም የሚሄድ ነገር ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል። ሰፊ ሜዳ ሲባል ደግሞ የአዲስ አበባ ሹም ጣት ካርታው ላይ ወዴት እንደምትወርድ እኔም እናንተም እናውቃለን። ወደ ቆላው ነው። «ባዶ መሬት» የሚባል ቃል አለ በቢሮ ቋንቋ። እኔ ለሥራ ከነገሌ ወደ ፊልቱ፣ ከያቤሎ ወደ ሞያሌ ስመላለስ ባዶ መሬት አይቼ አላውቅም። ሜዳው ባዶ የሚመስለው በመኪና መስኮት ለሚያየው ነው። ያ ግራር ስሙ የሚታወቅ ነው፣ ያ ዱካ የግመል መንገድ ነው፣ ያ ጉድጓድ ባለቤት አለው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 40 ላይ አርብቶ አደሩ ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ጽፏል።

ሙከራ ደግሞ ይከሽፋል፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሕንድ «ኒርባይ» የተባለውን ክሩዝ ሚሳይሏን በመጋቢት 2005 ዓ.ም ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሞክር መንገዱን ስቶ በአየር ላይ እንዲጠፋ ተደረገ። በየካቲት 2014 ዓ.ም ደግሞ «ብራሞስ» የሚባለው ሚሳይሏ በስህተት ተተኩሶ ፓኪስታን ውስጥ ወደቀ፤ ፈንጂ ስላልነበረው ሰው አልሞተም። ሕንድ ስህተቱን አመነች፣ ከወራት በኋላም ሦስት መኮንኖችን ከሥራ አባረረች። ሁለቱ አገሮች ኑክሌር የታጠቁ ባላንጣዎች ናቸው፤ ዝም ብትል ኖሮ ምን ሊመጣ እንደሚችል አስቡት። የእኛው ሙከራ ስቶ ጎረቤት አገር ቢወድቅስ? የአንድ አርብቶ አደር መንጋ ላይ ቢወድቅስ? ማን ያምናል፣ ማን ይክሳል? የቦረና ሰው ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ አምስት ወቅት በተከታታይ ዝናብ ጠፍቶበት፣ የዞኑ ባለሥልጣናት እንደተናገሩት ከ3 ሚሊዮን በላይ ከብት አልቆበታል። የቀረችውን ላም ለሮኬት ፍርስራሽ የሚሰዋበት አቅም የለውም።

አሁን ወደ ውሃ ፓምፑ ልምጣ። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም ነገሌ የነበረው የአራተኛው ብርጌድ ተራ ወታደር አመፀ። ምክንያቱ ርዕዮተ ዓለም አልነበረም። የተራ ወታደሩ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ፣ መኮንኖቹ ከራሳቸው እንዲቀዳ አልፈቀዱም፣ ምግቡም የሚበላ አልነበረም። ጃንሆይ ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩ። ወታደሮቹ ጄኔራሉን ይዘው የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። የካቲት ሳያልቅ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወደቀ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዙፋኑ ራሱ ወረደ። በአፍሪካ አንቱ የተባለ አየር ኃይል የነበረው መንግሥት በአንድ የውሃ ፓምፕ ነገር መፈታት ጀመረ ማለት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስም ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን አሠርተው እስከ መቅደላ አስጎትተዋል። መድፉ ተራራ ላይ ደረሰ፤ ሕዝቡ ግን ቀድሞ ከእጃቸው ወጥቶ ነበር። ሀገር በቀል መሣሪያ ሕዝብ የሸሸውን መንግሥት አያድንም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለመንቀፍ ብቻ አልጻፍኩም። አንድ፣ ከአየር በተፈጸመ ጥቃት ሰላማዊ ሰው ሲሞት ገለልተኛ ምርመራ ይደረግ፣ ውጤቱም በአደባባይ ይነበብ። ሁለት፣ የመሣሪያ ፋብሪካዎች ሒሳብ ዋና ኦዲተር ይየው፤ ቴክኒኩ ምስጢር ይሁን፣ ብሩ ግን ምስጢር አይሁን። ሦስት፣ ሙከራ በየትኛውም ቆላ ከመደረጉ በፊት ለአካባቢው ሽማግሌዎች ይነገር፣ ለሚጠፋው ንብረት የካሳው ደንብ አስቀድሞ ይውጣ። አራት፣ ረጅሙ መሣሪያ በአገር ውስጥ በዜጋ ላይ እንዳይተኮስ በሕግ ይከልከል።

ይህ ለቦረና ሰው አዲስ ነገር አይደለም። እነዚያ ጥልቅ የቱላ ጉድጓዶች ያለ ጠያቂ አይቀዱም። አባ ሄሬጋ የሚሉት ተራ አስከባሪ አለ፤ የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ እሱ ያውቃል፣ ተራ የዘለለ በጉባኤ ይጠየቃል፣ ባለ ብዙ ከብትም ቢሆን። ለአንድ ጉድጓድ ውሃ ይህን ያህል ሥርዓት ያበጀ ሕዝብ ባለበት አገር፣ ከተማ ለሚያነድ መሣሪያ አባ ሄሬጋ ይጥፋ?

መንግሥት ሚሳይሉን ይሥራ አይሥራ በሚለው እንከራከር ይሆናል። ያለ ጠያቂ እንዳይሠራው ግን መከራከር የለብንም። ነገሌ ላይ ዛሬም ቢጫ ጀሪካን ተሰልፎ ውሃ ይጠብቃል። ልብ ያለው ልብ ይበል!