በቀለም የሚለካ አፈር፣ በወረቀት የሚድን መሬት

የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዱ ለአካባቢ መልሶ ማቋቋሚያ የሚውል ገንዘብ እንዲመድብ ያዛል። መልካም ነው። ይሁንና ጉድጓዱ ተደፍኖ፣ ሣር ተዘርቶ፣ ሪፖርት ተጽፎ ካበቃ በኋላ መሬቱ በእርግጥ ስለመዳኑ በምን እናውቃለን?

በሙያው ዘንድ አንድ የታወቀ ማነጻጸሪያ አለ፤ መልሶ የለማው መሬት አፈሩ ካልተነካው ጎረቤቱ በላይ ይሸረሸራል ወይስ አይሸረሸርም? ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ የምቃወመው ንጽጽሩን ሳይሆን፣ ንጽጽሩ ቢሮ ውስጥ በቀመር ብቻ ተጀምሮ በቀመር ብቻ እንዲያልቅ መፍቀድን ነው።

ቀመሩ ከየት እንደመጣ እናስታውስ። ዊሽማየርና ስሚዝ የተባሉት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1965 እና በ1978 ባወጧቸው መመሪያዎች የቀረበ ሲሆን፣ መሠረቱ የእርሻ ማሳ ነው። የዝናብን ኃይል፣ የአፈርን ተሸርሻሪነት፣ የተዳፋቱን ርዝመትና ዘቅዛቃነት፣ የዕፅዋት ሽፋንንና የአጠባበቅ ዘዴን ያባዛል። ሀንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1985 ለኢትዮጵያ ሲያስማማው መረጃ ለማይገኝበት አገር ብልህ አቋራጭ አበጀ፤ የአፈርን ተሸርሻሪነት በቀለም ገመተ። ጥቁር 0.15፣ ቡናማ 0.20፣ ቀይ 0.25፣ ቢጫ 0.30።

ለደጋው ማሳ ይህ ግምት ምክንያት አለው፤ ቀለሙ አፈሩ ለዘመናት የተፈጠረበትን ሂደት በጥቂቱም ቢሆን ይናገራልና። ከጉድጓድ ወጥቶ የተከመረና የተደለደለ ድንጋይና አፈር ግን ምን ዘመን አለው? ቀለሙ የተፈጨው ዐለት ቀለም ነው። ከባድ መኪና ስለደመደመው ውሃ እንደልብ አያሰርግም፤ ብስባሹ ስላነሰም ጓሉ በቀላሉ ይፈርሳል። ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ክምሩ ቡናማ፣ ያልተነካው ጎረቤት ቀይ ቢሆን ቀመሩ ክምሩ በ20 በመቶ ያነሰ አፈር ያጣል ብሎ ይፈርዳል። በቀለም ብቻ! አሜሪካኖቹ እንኳ የተሻሻለውን ቀመር ለማዕድን መሬት ለመጠቀም እ.ኤ.አ. በ1998 የተለየ መመሪያ ማዘጋጀት አስፈልጓቸዋል።

ሁለተኛው ችግር ጎረቤቱ ራሱ ነው። «ያልተነካ» የሚባለው ሲመረመር ከብት የጋጠው፣ ዛፉ ለከሰል ያለቀ ተዳፋት ቢሆንስ? ከታማሚ ጋር ተወዳድሮ ጤነኛ መባል ይህ ነው። ሦስተኛ፣ ቀመሩ በስስ ጎርፍና በትንንሽ ቦዮች የሚታጠበውን እንጂ ቦረቦርን አይቆጥርም። ውሃ ተጠራቅሞ አዲስ ድልድል ሲሰነጥቅ ግን ትልቁን ጥፋት የሚያደርሰው ቦረቦር ነው። አራተኛ፣ ውጤቱ የብዙ ዓመት አማካይ ስለሆነ፣ ሣሩ ሥር ሳይሰድ የሚመጣው የመጀመሪያው ክረምት የሚያደርሰውን ይሸፍናል።

«መለካት ውድ ነው» የሚል መከራከሪያ ይቀርብ ይሆናል። ለመሆኑ ምን ያህል ውድ ነው? በቆርቆሮ የታጠረ ጠባብ መደብ፣ ከግርጌው ጎርፉን የሚቀበል በርሜል፣ የዝናብ መለኪያና በየዕለቱ የሚመዘግብ አንድ የአካባቢው ሰው። እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት በወሎ ማይባር፣ በጎጃም አንጀኒ ይህንኑ ሠርቷል። በድሃ አገር ለምርምር የተቻለው ተራራ ለሚንድ ኩባንያ እንዴት ይሳነዋል?

ስለዚህ ጥያቄዬ ግልጽ ነው። በለማውም ባልተነካውም መሬት ላይ፣ በተመሳሳይ ተዳፋት፣ ቢያንስ ለአምስት ክረምት ይለካ፤ ቦረቦሩም በየዓመቱ ይመዝገብ፤ ውጤቱ ለሕዝብ ይገለጥ፤ ይህ እስኪሆን ኩባንያው ከግዴታው አይሰናበት። አምስቱን ዓመት ከኪሴ አላወጣሁትም። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የአሜሪካ የከሰል ማዕድን ሕግ ባለፈቃዱን ከመጨረሻው ዘር በኋላ ለአምስት ዓመት፣ ዝናቡ 660 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች በሆነበት አካባቢ ደግሞ ለአሥር ዓመት ተጠያቂ ያደርገዋል።

ቀመሩ ለዕቅድ ይጠቅማል፤ እኔም ለተማሪዎቼ አስተምረዋለሁ። ለምስክርነት ሲቀርብ ግን የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዲሉ ነው። ኩባንያው ወርቁን ይዞ ይሄዳል፤ ከተዳፋቱ ሥር ያለው ገበሬ ግን ደለሉ ማሳው ላይ ሲወርድበት የማንን ሪፖርት ያሳያል?