ብድር በምድር

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላል ያገራችን ሰው። ቤት በሚቃጠልበት ሌሊት ቀድሞ የሚደርሰው በሩቅ አገር ያለው ወንድም ሳይሆን አጥር የሚጋራው ጎረቤት በመሆኑ ነው። ይህ አባባል በሰውና በሰው መካከል ብቻ ሳይሆን በአገርና በአገር መካከልም ይሠራል። ሆኖም ከሩቅ ኃያላን ጋር የሚደረግ ወዳጅነት ብዙ ሲወራለት፣ ከጎረቤት ጋር ያለው ግንኙነት የሚታወሰው አብዛኛውን ጊዜ ጠብ ሲነሣ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኢትዮጵያና የሱዳን ጉርብትና በመተማና በገዳሪፍ በኩል ምን እንደሚመስል መርምሮ፣ አንዱ ሕዝብ ለሌላው የሚሰጠው መጠጊያ ምጽዋት ሳይሆን የብድር ምላሽ መሆኑን ማስረዳት ነው።

ከጎንደር ወደ ምዕራብ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ በአዘዞና በገንዳ ውኃ አልፎ መተማ ዮሐንስ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ያለችው የሱዳን ከተማ ገላባት ናት፤ ሁለቱን የሚለያቸው አንድ ትንሽ ሸለቆ ብቻ ነው። ከገላባት 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ገዳሪፍ ደግሞ የምሥራቅ ሱዳን የእህልና የሰሊጥ ገበያ ማዕከል ናት። በድንበሩ ወዲህም ሆነ ወዲያ ያለው አፈር ጥቁር ነው፤ የሚዘራበትም ሰሊጥና ማሽላ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚነሣው የጓንግ ወንዝ ድንበሩን ሲሻገር አትባራ ተብሎ ወደ ዓባይ ይገባል። ስሙ ይለወጣል እንጂ ውኃው አንድ ነው።

ይህ ማለት ግን የሁለቱ አገሮች ታሪክ በፍቅር ብቻ የተሞላ ነው ማለት አይደለም። በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው የሞቱት በዚሁ በመተማ ነው። የከተማይቱ ስም እስከ ዛሬ የእርሳቸው መታሰቢያ ሆኖ ይኖራል። በዚያ ውጊያ ከሁለቱም ወገን አያሌ ሰው አልቋል። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ በቂም ታስሮ አልቀረም።

ኢትዮጵያ በፋሽስት ኢጣልያ በተወረረችበት ዘመን ከአገራቸው የወጡ ኢትዮጵያውያን በሱዳን ተጠግተዋል። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ሲመለሱ ከዘመቱት ወታደሮች መካከል ሱዳናውያን ነበሩ፤ ስንቁንና ጥይቱን የተሸከሙትም የሱዳን ግመሎች ናቸው። እርግጥ ነው፣ በዚያን ጊዜ ሱዳንን የሚያስተዳድረው የእንግሊዝ መንግሥት ነበር። በበረሃው ያለፉት ግን የሱዳን ልጆች ናቸው። ከ31 ዓመት በኋላ፣ በየካቲት ወር 1964 ዓ.ም.፣ የሰሜንና የደቡብ ሱዳን ተዋጊዎች ለ17 ዓመት ያህል የቆየውን ጦርነት ለማቆም የተስማሙት አዲስ አበባ ላይ ነበር። ስምምነቱ ከዐሥር ዓመት ትንሽ በልጦ ቢፈርስም፣ ኢትዮጵያ በሽምግልና የከፈለችው ብድር ሆኖ ይቆጠራል።

ከሁሉ የከበደው ብድር ግን የ1977 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ድርቅና ጦርነት ያፈናቀላቸው በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በእግራቸው ተጉዘው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገቡ። በገዳሪፍ አካባቢ እንደ ወድ ኮውሊና ኡም ራኩባ ያሉ መጠለያዎች ተሞሉ። ብዙ ሕፃናት በረኃብና በኩፍኝ ረገፉ። ልብ ሊባል የሚገባው ሱዳንም ራሷ በዚያው ዘመን በድርቅ ተመትታ የነበረች መሆኗ ነው። ጠግቦ ማብላት ቀላል ነው፤ እየተራቡ ማካፈል ግን የጉርብትናን ዋጋ ያሳያል። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሣ ይኸው ታሪክ ተደገመ፤ ከ60,000 በላይ ሰዎች ድንበር ተሻግረው ተጠለሉ፤ ኡም ራኩባም እንደገና ስደተኛ ተቀበለች።

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ሳይሞላ ፈንታው ተገላበጠ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በመፈንዳቱ፣ በዚሁ መንገድ በገዳሪፍና በገላባት በኩል ሱዳናውያን ወደ መተማ ጎረፉ። የትናንቱ አስጠጊ የዛሬ ተጠጊ ሆነ። የእኛ አቀባበል ግን እንደ ብድሩ ክብደት ነበር ለማለት አያስደፍርም። በምዕራብ ጎንደር በኩመርና በአውላላ የሰፈሩት ስደተኞች በታጣቂዎች ዝርፊያና ጥቃት ደርሶባቸዋል፤ በ2016 ዓ.ም. በርካታ ሰዎች መጠለያውን ለቀው በመንገድ ዳር እስከ ማደር ደርሰዋል። ይህ የሚያስከፋ ነገር ነው። አካባቢው ራሱ ሰላም ያጣ መሆኑ ድርጊቱን ያስረዳል እንጂ ትክክል አያደርገውም።

አንዳንድ ሰዎች «ስደተኛ ሸክም ነው፤ እኛ ራሳችን ሳይተርፈን ለሌላው ከየት እናመጣለን?» ይላሉ። ጥያቄው መሠረት የሌለው አይደለም። ስደተኛ ሲበዛ ውኃና ማገዶ ይጎድላል፤ የእህል ዋጋም ይንራል። ነገር ግን የ1977 ዓ.ም. የገዳሪፍ ገበሬ ይህንኑ ሊል ይችል ነበር። በተጨማሪም የሁለቱ ሕዝቦች ኑሮ በብዙ ነገር የተሳሰረ ነው። በየክረምቱ አያሌ የኢትዮጵያ ወጣቶች ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ወደ ገዳሪፍ እርሻዎች ይሻገሩ ነበር፤ የገዳሪፍ ባለ እርሻም ያለ እነርሱ ጉልበት አዝመራውን መሰብሰብ ይቸግረዋል። በመተማ በኩል ቡና፣ ጥራጥሬና ቅመማ ቅመም ይወጣል። በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ መስመርም ከጎንደር ተነሥቶ በመተማ በኩል እስከ ገዳሪፍ ተዘርግቷል። በሽታም ቢሆን ድንበር አይለይም፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር በሁለቱም ወገን የቀን ሠራተኛውን ያጠቃል። እንግዲህ አንዱ ብቻውን ሊከላከለው አይችልም።

ይህን ሁሉ የሚያናጋው የድንበር ጥያቄ ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ድንበሩ ተዋዋሉ፤ በማግሥቱ ዓመት ምልክቱን በቦታው የተከለው ሻለቃ ግዊን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን ነው። በ1964 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት በደብዳቤ ልውውጥ ቢስማሙም፣ የአል-ፋሽቃ ለም መሬት እስከ መጨረሻው አልተካለለም። በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ወደዚያ በገባ ጊዜ ሱዳን የራሷን መሬት እንዳስመለሰች ስትናገር፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ድርጊቱን ወረራ አለችው። ስደተኛን በአንድ እጅ መቀበል፣ በሌላው ጠመንጃ ማንሣት በአንድ ወቅት መሆኑ የሁለቱን አገሮች ግንኙነት ጉድለት በግልጽ ያሳያል። ሕዝቡ የሚኖርበት የመተሳሰብ ልማድ በመንግሥታቱ ሕግ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ሊፈጸሙ ይገባል። አንደኛ፣ ድንበሩ በጋራ ኮሚሽን ይካለል፤ ሲካለልም በመሬቱ ላይ የሚያርሰው ገበሬ ኑሮ ከካርታው መስመር እኩል ይታሰብ። ሁለተኛ፣ ለሥራና ለንግድ የሚሻገረው ሰው ደመወዙ፣ ሕክምናውና ደኅንነቱ በጽሑፍ ስምምነት ይረጋገጥ። ሦስተኛ፣ መጠለያ የሚሰጠው መንግሥት ተጠላዩን ከዝርፊያ የመጠበቅ ግዴታውን ይወጣ።

«ብድር በምድር» ሲባል ሰው ያደረገው ደግም ሆነ ክፉ በዚሁ ምድር ይከፈለዋል ማለት ነው። የኢትዮጵያና የሱዳን ሕዝቦች በተራ በተራ እንግዳና ባለቤት ሆነዋል። ነገ የማን ተራ እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። ስለሆነም በመተማ ለሚሻገረው ሱዳናዊ ዛሬ የምናደርገው ሁሉ፣ ነገ በገዳሪፍ በኩል ለሚሻገረው ወገናችን የምናስቀምጠው ነው።