ፉሪ ላይ ውሃ በስንት ይፈላል?

ልጅ የሳይንስ የቤት ሥራ ይዞ “ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?” ሲል ብዙ ወላጅ “መቶ!” ብሎት ወደ ጉዳዩ ይመለሳል። መቶ ግን የባሕር ጠለል መልስ ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ በየ300 ሜትሩም የመፍያው ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። አዲስ አበባ ዳር፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው ፉሪ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይንተከተካል። የባቄላ ንፍሮ አልበስል ብሎ ከሰል የሚጨርሰው አንድም ለዚህ ነው።

ልጁን ማድቤት አስገብቶ ድስቱን ማሳየት የተማረ ወላጅ አይጠይቅም። የሚያሳስበን መልሱን ራሱ ጽፎ ለልጁ ደብተሩን የሚመልሰው ወላጅ ነው፤ እሱማ በዝቷል። መምህራንም ጥያቄው ላይ “በባሕር ጠለል” የምትለዋን ይጨምሩ። “ፉሪ ላይ መቶ አይደርስም” ብሎ የጻፈ ተማሪ ኤክስ አይገባውም።