የእጅ ሥራ፤ ስፌት የሌለው ባለመቀነት ሹራብ



ልብስ የሚሠራ ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል። አንደኛው፥ ልብሱ ያምራልን? የሚል ነው፤ ሁለተኛው፥ የሚለብሰው ሰው ሳይቸገር ሊለብሰው ይችላልን? የሚል ነው። ብዙዎቻችን በፊተኛው ጥያቄ ስንደክም ሁለተኛውን እንረሳዋለን። እኔም ረስቼው ነበርና፥ ዛሬ ይህን መጻፌ የራሴ ስሕተት ለሌላው ትምህርት ይሆን ዘንድ በማሰብ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእናቴ የሱፍ ሹራብ ሠርቼ ነበር። ጀርባውን ለብቻ፥ ሁለቱን ፊት ለብቻ፥ እጅጌዎቹንም ለብቻ ከሠራሁ በኋላ ሁሉን በመርፌ ገጥሜ፥ 8 ቁልፍ ተክዬ አበረከትኩላቸው። እርሳቸውም መርቀው ተቀበሉኝ። ነገር ግን ሐምሌ ገብቶ ብርዱ ሲጠና ሹራቡ ከሣጥን አለመውጣቱን አየሁ። ምክንያቱን ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ ልብሱስ መልካም ነው፤ ክንዴ ግን ወደ ኋላ አልዞር ካለኝ ቆየ፤ ቁልፉም ለጣቴ ደቀቀብኝ፤ እንዳታዝኚ ብዬ ዝም አልኩ» አሉኝ። ብብቱ ላይ ያለው ስፌትም ቆዳቸውን ይፈገፍጋቸው ኖሯል። ሁለት ወር የደከምኩበት ሥራ አንድ ቀን እንኳ ሳያሞቃቸው ቀረ።

ነገሩን ሳስበው ጥፋቱ ከእጄ ሥራ ይልቅ ከሥራው ሥርዓት የመጣ መሆኑን ተረዳሁ። ልብስ ተቆራርጦ ሲሠራ ለባለቤቱ የሚለካው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ሠሪው ማፍረስን ይሳሳል፥ ተቀባዩም መናገርን ያፍራል። ስለዚህ ከአንገት ተጀምሮ ወደ ታች የሚወርደውን፥ ስፌት የሌለበትን አሠራር ተማርኩ።

ፊቱ ክፍት የሆነው ሹራብ ካርዲጋን ይባላል። ስሙ የመጣው ጀምስ ብሩድኔል ከሚባሉት ከሰባተኛው የካርዲጋን መስፍን ነው፤ እርሳቸውም በፈረንጆች ቁጥር በ1854 ዓ.ም. በክሪሚያ ጦርነት፥ በባላክላቫ ላይ የእንግሊዝን ቀላል ፈረሰኛ ጦር እየመሩ የገቡት ናቸው። ከአንገት እስከ ብብት በሰያፍ የሚወርደው እጅጌ ደግሞ ራግላን ይባላል። የዚህ ስም ባለቤት ሎርድ ራግላን በዚያው ጦርነት የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ነበሩ፤ ቀኝ ክንዳቸውንም በ1815 ዓ.ም. በዋተርሎ አጥተዋል፤ ይህም እጅጌ ለእርሳቸው እንዲመች ተብሎ እንደ ተሠራ ይነገራል። ትከሻው ላይ መገጣጠሚያ ስለሌለውና ሰፊ ስለሆነ፥ ክንዱ እንደ ልብ ለማይታዘዝለት ሰው የተመቸ ነው።

ስፌት የሌለው ሹራብም አዲስ ነገር አይደለም። የእንግሊዝ አገር ዓሣ አጥማጆች ጋንዚ የሚባለውን ሹራባቸውን ገላውን ዙሪያውን እየዞሩ ይሠሩት ነበር፤ እጅጌውንም ከትከሻ ወደ ታች ያወርዱታል፤ ይኸውም የእጁ ጫፍ ሲያልቅ ያንን ብቻ ፈትቶ እንደገና ለመሥራት እንዲመች ነው። በኋላ ዘመን ደግሞ በእንግሊዝ አገር በ1910 ዓ.ም. የተወለዱትና ኑሯቸውን በአሜሪካ ያደረጉት ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ዚመርማን፥ በ1971 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ስፌት የሌለውን አሠራር ለብዙ ሰው አስተማሩ። ባርባራ ዎከር የሚባሉት አሜሪካዊትም በ1972 ዓ.ም. ከላይ ወደ ታች ስለሚሠራው ሹራብ ብቻ አንድ መጽሐፍ ጻፉ።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ክሩ መካከለኛ ውፍረት ያለው ለስላሳ ሱፍ ይሁን፤ ከ700 እስከ 800 ግራም ገደማ ይበቃል። የመንዝ ባና የሚሠራበት የአገራችን ሱፍ ለብርድ የሚመሰገን ነው፤ ሻካራ ስለሆነ ግን አንገትን ለሚነካ ልብስ አይስማማም። መርፌው ሁለቱ ጫፎቹ በሚተጣጠፍ ገመድ የተያያዙለት ዓይነት ይሁን፤ ብዙ ዓይን ይይዛልና። ዓይን የምንለው በመርፌው ላይ የሚቀመጠውን እያንዳንዱን የክር ቀለበት ነው።

የልብሱ ገጽ እህል የተበተነበት እንዲመስል በዘር አሠራር ይሠራል። ይኸውም አንዱን ዓይን ልሙጥ፥ ቀጥሎ ያለውን ጎርባጣ እያደረጉ መሄድ ነው፤ ለልሙጡ ክሩ ከመርፌው ኋላ፥ ለጎርባጣው ከመርፌው ፊት ይውላል። በሚመለሱበት ጊዜ ልሙጥ ሆኖ በሚታየው ላይ ጎርባጣ፥ ጎርባጣ ሆኖ በሚታየው ላይ ልሙጥ ይሠራሉ። ይህ አሠራር ውስጡና ውጭው አንድ ዓይነት ነው፤ ጠርዙም አይጠቀለልም። ስለዚህ ፊቱ ለሚደራረብ ልብስ ሌላ ዘርፍ ሳያስፈልገው ይበቃል።

ከሁሉ አስቀድሞ 15 ሳንቲሜትር በ15 ሳንቲሜትር የሚሆን መሞከሪያ ሠርቶ፥ አጥቦ፥ አንጥፎ ማድረቅ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ በ10 ሳንቲሜትር ውስጥ ስንት ዓይንና ስንት ረድፍ እንዳለ ይቈጠራል። እኛ 20 ዓይንና 32 ረድፍ አግኝተናል እንበል፤ እንግዲያውስ 1 ሳንቲሜትር 2 ዓይን ነው። ደረቱ ዙሪያ፥ ከምቾቱ ጋራ፥ 100 ሳንቲሜትር ለሚሆን ልብስ 200 ዓይን ያስፈልጋል። ሁለቱ ፊቶች ከመካከል እያንዳንዳቸው 13 ሳንቲሜትር አልፈው እንዲደራረቡ 52 ዓይን ሲጨመርበት 252 ይሆናል። ሌላ መጠን የሚሠራም በዚሁ ሒሳብ ያስላ።

አጀማመሩ በ64 ዓይን ነው፤ ለጀርባ 36፥ ለየእጅጌው 12፥ ለየፊቱ 2 ይመደባል። በአራቱ ድንበሮች ላይ ቀለም ያለው ክር ለምልክት ይታሰራል። በአንድ ረድፍ ጨምሮ በአንድ ረድፍ ዝም ብሎ በማለፍ፥ በየድንበሩ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ዓይን፥ በሁለቱ የፊት ጠርዞችም አንድ አንድ ዓይን ይጨመራል። ይህ 28 ጊዜ ሲደረግ ጀርባው 92፥ እያንዳንዱ እጅጌ 68፥ እያንዳንዱ ፊት 58 ይሆናል። ከዚያ የፊቱን ጠርዝ ብቻ እየጨመሩ 8 ረድፍ ቢሠሩ ብብት ላይ ይደርሳሉ፤ ፊቱም 62 ይሆናል።

እዚህ ላይ የእጅጌዎቹ ዓይኖች በጥጥ ክር ተሰክተው ይቈያሉ፤ በየብብቱም 8 አዲስ ዓይን ተጨምሮ ጀርባውና ሁለቱ ፊቶች በአንድነት ወደ ታች ይወርዳሉ። የፊቱ ጠርዝ 10 ጊዜ ደግሞ ከተጨመረ በኋላ 252 ዓይን ይሞላል። ወገብ ላይ ሲደርሱ በቀኙ ጎን 14 ረድፍ ያህል ግራና ቀኙን ለየብቻ ሠርቶ መልሶ በማገናኘት ቀዳዳ ይተዋል፤ ከውስጥ የሚውለው የግራ ፊት መቀነት በዚያ ይወጣልና። መቀነቶቹ የ8 ዓይን ስፋት ይኑራቸው፤ ርዝመታቸውም ወገብን ዞሮ ለመታሰር የሚበቃ ይሁን። እጅጌዎቹ ከብብቱ 8 ዓይን ጋራ በ76 ዓይን ተጀምረው፥ በ16 ዙር ላይ ሁለት ሁለት ዓይን እየተቀነሰ በ44 ያልቃሉ።

አሁን ዋናውን ነገር እንናገር። ብብት ላይ በተደረሰ ጊዜ ዓይኖቹን ሁሉ በረጅም የጥጥ ክር ላይ አሳልፎ ልብሱን ለባለቤቱ ማልበስ ይገባል። ክንድዎን ያንሡ፥ ወደ ፊት ይዘርጉ፥ ይቀመጡ ማለት ያስፈልጋል። ደኅና ነው የሚለውን ቃል ብቻ መስማት አይበቃም፤ ሽማግሌዎቻችን የሠሪውን ድካም አይተው ብዙ ነገር ይታገሣሉና። ትከሻውን በዓይን ማየት፥ ብብቱን በእጅ መዳሰስ ይሻላል። ጠብቦ ቢገኝ መፍታት ማሳፈር የለበትም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና። ያን ቀን የሚፈታው ጥቂት ረድፍ ነው፤ ካለቀ በኋላ ግን የሚጠፋው ልብሱ ሁሉ ነው።

እኔም የፊተኛውን ሹራብ ፈትቼ ክሩን አጠብኩት፤ የጎደለውንም ሱፍ ጨምሬ ሁለተኛውን በዚህ ሥርዓት ጀመርኩ። እናቴን ባለካኋቸው ጊዜ አሁንም መልካም ነው አሉኝ፤ ነገር ግን ቀኝ ክንዳቸውን ሲያነሡ ብብቱ ሲስባቸው አየሁ። እዚያው አጠገባቸው ተቀምጬ 14 ረድፍ ፈታሁና አስፍቼ ሠራሁት። እርሳቸውም ክሩን እየጠቀለሉ ረዱኝ።

ዘንድሮ ሐምሌ ማለዳ ብሄድ ሹራቡን ለብሰው፥ መቀነቱን ራሳቸው አስረው በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ልብሱ ጥቂት ቆሽሾ ነበር፤ እኔም በዚህ ደስ አለኝ፤ የሚለበስ ልብስ ይቆሽሻልና።