«ወጣት ነው፤ ልብ አይደለም»

ሰሞኑን ፎገራ ውስጥ፣ ወረታ ለቅሶ ላይ የሰማሁት ንግግር እስካሁን ያንገበግበኛል። የተለቀሰለት ሰው ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ የነበረ፣ የሩዝ ነዶ ተሸክሞ ሲጣደፍ ወድቆ የቀረ ገበሬ ነው። ከዚያ በፊት ሥራ ላይ ደረቱን ደጋግሞ ጨምድዶ ይይዘው ነበር፤ አንድ ጊዜም ራሱን ስቷል። ሊታከም ቢሄድ የጨጓራ መድኃኒት ሰጥተው መለሱት። ይህ ሲነሣ በጤና ሥራ ላይ ያለ ሰው «በዚህ ዕድሜ ልብ አይጠረጠርም፤ የልብ በሽታ የከተሜና የሽማግሌ ነው» አለ። ለቀስተኛውም ልክ ነው ብሎ ተቀበለው።

ልክ አይደለም! ዕድሜ ምርመራ አይሆንም። የልብን ጡንቻ የሚመግቡት ደም ሥሮች በስብ ከመደፈናቸው በቀር ሌላ ችግር ባይኖርባቸው ኖሮ ነገሩ ባስኬደ። ነገር ግን ሰው ሲፈጠር ደም ሥሩ ያለ ቦታው ሊነሣ ይችላል። ለምሳሌ ግራው የልብ ደም ሥር ከቀኙ በኩል ይወጣና በአኦርታና ወደ ሳንባ ደም በሚወስደው ትልቅ ደም ሥር መካከል ሾልኮ ያልፋል። መነሻው ብዙ ጊዜ እንደ ስንጥቅ የጠበበ ነው። ሰውየው ቁጭ ሲል ምንም የለበትም። ሲሮጥና ሲሸከም ግን ልቡ ብዙ ደም ይፈልጋል፤ መተላለፊያው ደግሞ በዚያው ሰዓት ይጠባል። ምቱ ይዛባል፤ ሰውየው ይወድቃል። ከሁሉ በላይ የሚያሰጋውም ጉልበት ላለው ወጣት ነው።

«ኢ.ሲ.ጂ. ተነሥቶ ደህና ነው ተባለ» የሚሉም አሉ። ተጋድሞ የተነሣ ኢ.ሲ.ጂ. በዚህ ችግር ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ይወጣል። አሜሪካዊው የቅርጫት ኳስ ኮከብ ፒት ማራቪች ግራው የልብ ደም ሥር ከነጭራሹ አልነበረውም፤ ይህ ሳይታወቅ በከፍተኛው ሊግ አሥር ዓመት ተጫውቶ እ.ኤ.አ. በ1988 በ40 ዓመቱ ኳስ ሲጫወት ወድቆ ሞተ። የታወቀው አስከሬኑ ሲመረመር ነው።

ብርቅ ነው ይሉናል። እውነት ነው፤ አደገኛው ዓይነት ብርቅ ነው። አብዛኞቹ የደም ሥር አነሣሥ መዛባቶች፣ ለምሳሌ አንዱ ቅርንጫፍ በአኦርታ ጀርባ ዞሮ የሚያልፍበት፣ ጉዳት የላቸውም። ግን ሥራ ላይ ራሱን የሚስተው ሰው ልቡ የወፈረ፣ ወይም በልጅነት የጉሮሮ ሕመም መዘዝ የልብ በሩ የጠበበ ሊሆንም ይችላል። ይህ የመጨረሻው ደግሞ በአገራችን ብርቅ አይደለም። ሁሉንም የሚያስጠረጥረው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሕመሙ የሚመጣው ስትሠራ ነው ወይስ ስታርፍ?

ይህን ለመጠየቅ ሲቲ ስካን አያስፈልግም። ማሽን የለንም የሚለው ሰበብ እዚህ ላይ አይሠራም። ጥያቄው ከተጠየቀ በኋላም የሚላክበት አይጠፋም፤ ወረታ የሦስት መንገድ መገናኛ ናት፤ ባሕር ዳርም፣ ጎንደርም፣ ደብረ ታቦርም ሪፈር መጻፍ ይቻላል። ኢኮ የደም ሥሩን መነሻ የሚያሳይበት ጊዜ አለ፤ ቁርጡን የሚለየው የደም ሥር ሲቲ ነው። ሕመም የሚያመጣው በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል፤ ቀኙ ተዛብቶ ምልክት የማያሳየው ብዙ ጊዜ በክትትል ይያዛል። ቀዶ ሕክምናው አገር ውስጥ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም፤ ይህ ሌላ ትልቅ ጉድለት ነው። እስከዚያው ግን ሰውየው ከሸክምና ከሩጫ መታቀብ ይችላል። ፎገራ ላይ ደቦና ወንፈል እያለ የአንድ ሰው ነዶ ሜዳ ላይ አይቀርም። ዘመድ ጎረቤቱ የሚረዳው ግን ችግሩ ሲነገረው ነው።

በፎገራ ጤና ጣቢያዎች የምትሠሩ፣ እባካችሁ ጠይቁ። መልሱ «ስሠራ» ከሆነ የጨጓራ ኪኒን አስይዛችሁ ወደ ማሳው አትመልሱት።