የተሰደደው ጉልበትና ያልተሟላው ጤና ጣቢያ

በ2012 ዓ.ም. የዓለም የአየር በሮች ተራ በተራ ሲዘጉ በሰው አገር የቀሩት መንገደኞች ሁሉ አንድ ዓይነት ሰዎች አልነበሩም። ለጉብኝት ወጥቶ በሆቴል ክፍሉ የተዘጋበት ነበር። ሸቀጥ ሊያመጣ ሄዶ መመለሻ ያጣ ነጋዴም ነበር። ጥር 14 ቀን የቻይናዋ የዉሃን ከተማ ስትዘጋ በዚያው ትምህርት ላይ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ከነጭንቀታቸው በየማደሪያቸው ቀርተዋል። በቁጥርም በመከራም ከእነዚህ ሁሉ የሚልቁት ግን ጉልበታቸውን ለመሸጥ ቀይ ባሕርን የተሻገሩት የገበሬና የከተማ ድሃ ልጆች ናቸው። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡ፣ በጭራ፣ በሰቃ፣ ከእነዚህ ልጆች አንዷን ያልላከ ሰፈር ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እነርሱንና የወጡበትን አካባቢ ነው።

የጊዜውን ቅደም ተከተል ማስታወስ ይጠቅማል። የዓለም የጤና ድርጅት መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. በሽታው የዓለም ወረርሽኝ መሆኑን አስታወቀ። በሁለተኛው ቀን በአገራችን የመጀመሪያው ሕመምተኛ በአዲስ አበባ ተገኘ። መጋቢት 11 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ 30 አገሮች ያደርግ የነበረውን በረራ ማቋረጡ ተነገረ። ከመጋቢት 14 ቀን ጀምሮ ደግሞ ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ ለ14 ቀናት ተለይቶ በራሱ ወጪ በሆቴል እንዲቆይ ተደነገገ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እርምጃዎቹ በመሠረቱ ተገቢ ነበሩ። ነገር ግን «በራሱ ወጪ» የሚለውን ቃል ቆም ብለን እንመልከተው። የሆቴል ኪራይ መክፈል የሚችለው መንገደኛ ማን ነው? የስምንት ወር ደመወዟ ያልተከፈላት የቤት ሠራተኛ፣ በጂዛን እስር ቤት ልብሷን ብቻ ለብሳ አውሮፕላን ላይ የተጫነች ወጣት ይህ ድንጋጌ ሲጻፍ በጸሐፊው ዓይን ፊት አልነበሩም። ኋላ ላይ ለእነርሱ የዩኒቨርሲቲ ግቢዎችና ትምህርት ቤቶች መዘጋጀት ያስፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሳዑዲ ዓረቢያ በወረርሽኙ መካከል ኢትዮጵያውያንን በአውሮፕላን እየጫነች መመለሷን ቀጠለች። እስከ ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ በዚህ ሁኔታ የተመለሱት ወደ 3,000 ይጠጉ ነበር። በአዲስ አበባ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ማባረሩ ለጊዜው እንዲቆም ጠየቀ። የቀረበውም ምክንያት በዕቅድ ያልተመራ የብዙ ሕዝብ እንቅስቃሴ በሽታውን ያዛምታል የሚል ነበር። ምክንያቱ እውነት ነው። እውነትነቱ ግን ያሳፍራል። አንዲት አገር የራሷ ልጆች ከእስር ቤት ወጥተው ወደ ቤታቸው እንዳይመጡ በሌላ አፍ የምትለምንበት ደረጃ ላይ ደርሳለች ማለት ነውና። ሕመምተኛ ቢመጣ የት እናስተኛዋለን፣ ምን እናስተነፍሰዋለን ለሚለው ጥያቄ በቂ መልስ አልነበረንም።

በሊባኖስ የደረሰው ሌላ መልክ ነበረው። በዚያ አገር፣ እንደ ብዙዎቹ የዓረብ አገሮች ሁሉ፣ የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተቆራኘ ነው፤ ካፋላ ይሉታል። አሠሪዋ ካልፈቀደ ሥራ መቀየር አትችልም፤ ፓስፖርቷም በአብዛኛው በእርሱ እጅ ነው። የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋ ሲወድቅና የኮሮና ዕገዳ ሲጨመርበት፣ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ 2012 ዓ.ም. አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ በቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ከነሻንጣቸው ጥለዋቸው ሄዱ። ሴቶቹ በእግረኛ መንገድ ላይ አደሩ። ሥዕላቸውም በዓለም ጋዜጦች ላይ ወጣ። ሐምሌ 28 ቀን የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ ብዙዎቹ ገና አልወጡም ነበር። እንግዲህ በዚህች ሴትና በሆቴል ክፍሉ በተዘጋበት ጎብኚ መካከል ያለው ልዩነት ምን እንደሆነ መረዳት አያዳግትም። ጎብኚውን የያዘው የበረራ መቋረጥ ብቻ ሲሆን እርሷን የያዛት ግን አውሮፕላኑ ከመቆሙ አስቀድሞ የሥራ ውሏ ነው።

ከሁሉ የከፋው በየመን ሰሜናዊ ግዛት የተፈጸመው ነው። ሂውማን ራይትስ ዎች ነሐሴ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ እንደገለጸው፣ የሁቲ ኃይሎች በዚያው ዓመት ሚያዝያ ውስጥ ኮሮናን ሰበብ አድርገው በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ወደ ሳዑዲ ድንበር አባረሩ። በብዙ አሥሮች የሚቆጠሩትን ገደሉ። ከድንበሩ ማዶም የሳዑዲ ጠባቂዎች ተኮሱባቸው። የተረፉት በንጽሕና ጉድለት በታወቁ እስር ቤቶች ታጎሩ። በሽታን መከላከል የሚለው ቃል በእንደነዚህ ዓይነት እጆች ሲገባ ምን እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ለመሆኑ እነዚህ ልጆች ከቡና አገር ለምን ይወጣሉ? ይህን ጥያቄ በደላላ ብቻ አሳቦ ማለፍ የተለመደ ነው። ደላላው እርግጥ ነው አለ፤ ቅጣትም ይገባዋል። ነገር ግን ደላላ ችግርን ይሸምታል እንጂ አይፈጥርም። የጎማ ወይም የማና ገበሬ ቡና የሚለቅመው በዓመት አንድ ወቅት ነው፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በእጁ የሚገባው ገንዘብ እስከ ክረምት አይዘልቅም። መሬቱ ለልጆቹ ሲከፋፈል ጠቧል። በዚህ መካከል በቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ሲታመም፣ እናት በወሊድ ስትደማ ወይም አባት ኩላሊቱን ሲታመም፣ ያለችው ጥሪት በአንድ ሳምንት ታልቃለች። ከዚያ የሚቀረው በሬ መሸጥ፣ አራጣ መበደር ወይም ሴት ልጅን መላክ ነው። ከጅዳና ከቤይሩት የሚመጣው ገንዘብ የቆርቆሮ ቤት ሠርቷል፣ ታናናሾችን አስተምሯል፤ በብዙ ቤትም የሕክምና ዕዳ ከፍሏል። ስለዚህ የጤና ጉድለትና ስደት ሁለት የተለያዩ ርእሶች አይደሉም። በአንድ ቤት ውስጥ ተከታትለው የሚመጡ ናቸው። በአገር ደረጃም ግለሰቦች ከውጭ የሚልኩት ገንዘብ ከቡና ሽያጭ ገቢ ከበለጠ ዓመታት አልፈዋል። ቡናውም ልጆቹም የሚወጡት ከአንድ አካባቢ ሆኖ ሳለ ከሁለቱ የተገኘው የውጭ ምንዛሪ ስንት እጁ ወደ አጋሮ ጤና ጣቢያ መድኃኒት መደርደሪያ ተመለሰ ብሎ መጠየቅ መብታችን ነው።

ምንም አልተሠራም ማለት አይደለም። ይህን ማለት ሐሰት ይሆናል። ጅማ በሕክምና ትምህርት ታሪክ የራሷ ስፍራ አላት። በ1930 ዓ.ም. የኢጣሊያ ወራሪ ለወታደሮቹ ያቆመው ሆስፒታል ከነጻነት በኋላ የራስ ደስታ ዳምጠው ሆስፒታል ተባለ፤ በኋላም የጅማ ሆስፒታል ሆነ። በ1975 ዓ.ም. የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሲመሠረት ተማሪውን ከመማሪያ ክፍል አውጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌና ወደ ጤና ጣቢያ የሚልክ የማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት መርሕ ይዞ ተነሣ። ይህ መርሕ በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ከተቋቋመ በኋላም ቀጥሏል፤ ዛሬም በአጋሮና በአሰንዳቦ የነጭ ጋዋን ለባሽ ተማሪዎች መታየት የዚያ ፍሬ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበዋል፤ የእናቶችና የሕፃናት ሞት በመቀነሱ የእነርሱ ድርሻ ከፍተኛ ነው። በወረርሽኙም ወራት ቤት ለቤት እየዞሩ ሕዝቡን ያስተማሩት እነርሱ ነበሩ። በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ እዚሁ ጅማ ዞን ውስጥ ያለው ሊሙ ኮሳ ነው።

ጉድለቱ ያለው በመካከለኛው እርከን ላይ ነው። በዕቅዱ መሠረት አንድ ጤና ጣቢያ ለ25,000 ያህል ሕዝብ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚደርስ ሕዝብ ሊያገለግል ይገባል። ሕንፃው በአብዛኛው ተሠርቷል። ሕንፃ ግን አያክምም። መድኅን የከፈለው ገበሬ ካርዱን ይዞ ይሄዳል፤ ይመረመራል፤ መድኃኒቱ ግን የለም ይባልና ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይላካል። በሚቀጥለው ዓመት መዋጮውን እንዲያሳድስ ሲጠየቅ ቢያንገራግር አላወቀም ልንለው አንችልም፤ እንዲያውም ከብዙ መሥሪያ ቤት ይልቅ ሂሳብ የሚያውቀው እርሱ ነው። ወረርሽኙ ሲመጣ ኦክስጅን የሚገኘው በጥቂት ትላልቅ ሆስፒታሎች ነበር። ስለዚህ ከጭራ የተነሣ ሕመምተኛ መተንፈሻ ፍለጋ በአጋሮ አድርጎ ጅማ መድረስ ነበረበት። የጅማው ሆስፒታል ከ15 ሚሊዮን ለማያንስ የደቡብ ምዕራብ ሕዝብ መድረሻ እንደሆነ ይነገርለታል። አንድ ሆስፒታል ለዚህን ያህል ሕዝብ የመጨረሻ ተስፋ መሆኑ የሚያስመሰግነው ሆስፒታሉን ነው። ሥርዓቱን ግን ያስወቅሳል።

የዚህ አካባቢ ሕዝብ ወረርሽኝ እንግዳው አይደለም። ከ1952 እስከ 1954 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ቢጫ ወባ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በኦሞ ተፋሰስና በአዋሳኙ ገብቶ ወደ 30,000 የሚገመት ሕዝብ ፈጅቷል። የበሽታው ምንነት እስኪታወቅ ድረስ ብዙ መንደር ባዶ ቀረ። መርማሪና ላቦራቶሪ በአቅራቢያው አልነበሩምና። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ ሲገኝ ደግሞ የሞቱት የጤና ባለሙያዎች ጭምር ነበሩ። በሁለቱ መካከል ያለው የላቦራቶሪ ዕድገት ታላቅ ነው። ጅማ ራሷ በ2012 ዓ.ም. የኮሮናን ናሙና በዩኒቨርሲቲዋ ላቦራቶሪ መመርመር ችላለች። ሆኖም በሽታን ማወቅና ሕመምተኛን ማዳን የተለያዩ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ንጽጽር እናቅርብ። በ1963 ዓ.ም. ገደማ የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ገባ። ቡናው ገና አረንጓዴ ሳለ እየጠቆረ ይረግፍ ጀመር። የውጭ ምንዛሪ ምንጩ መድረቁ ነበርና የሚመለከታቸው ሁሉ ተረባርበዋል። ጅማ አጠገብ መልኮ ላይ በነበረው የምርምር ጣቢያ ባለሙያዎቹ በየጫካው ዞረው በሽታውን የተቋቋሙትን የቡና እናቶች መረጡ፤ በችግኝ አፍልተው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለገበሬው አደሉ። ዛሬም ገበሬው 74110 ወይም 74112 ብሎ በቁጥር የሚጠራቸው ዝርያዎች የዚያ ሥራ ውጤት ናቸው፤ 74 የሚለው ፊተኛው ቁጥር በፈረንጆች 1974 መመረጣቸውን ያመለክታል። ይህን የምናነሣው ለቡናው የተደረገውን ለመንቀፍ አይደለም፤ የሚያኮራ ታሪክ ነው። የምናነሣው አቅም የለም የሚለው መልስ ሁልጊዜ እንደማይሠራ ለማሳየት ነው። ለቡናው ሲሆን ባለሙያው በእግሩ ጫካ ገብቷል፤ ችግኙም እስከ ገበሬው ማሳ ወርዷል። ቡናውን ለሚለቅመው ሰው ኦክስጅን ከጅማ አጋሮ ያለውን 45 ኪሎ ሜትር መውረድ የሚያቅተው በምን ሕግ ነው?

ሌላም ማለት አለብን። አቅም ያለው ሰው ሲታመም ወደ ባንኮክ ወይም ወደ ደልሂ መሄድ ከለመደ ቆይቷል። ስለዚህ የአገር ቤቱ ሆስፒታል ቢጎድል የሚጎድለው በሌላው ላይ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በሮች ሲዘጉ ይህ መንገድም ተዘጋ፤ ትልቁም ትንሹም በአንድ ኮሪደር ተራ ያዘ። ለጥቂት ወራት ያህል ስለ ኦክስጅን ፋብሪካ፣ ስለ ቬንቲሌተር፣ ስለ ጽኑ ሕሙማን ክፍል በየስብሰባው ይነገር ነበር። በረራው ሲጀመር ግን ንግግሩ ቀዘቀዘ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን አያኖረንም ብለው ሥራ እስከማቆም ሲደርሱ፣ በወረርሽኙ ጊዜ ጀግኖች ተብለው የተጨበጨበላቸው እነዚሁ ሰዎች መሆናቸውን ያስታወሰ ጥቂት ነው። ሐኪሙም እንደ ቤት ሠራተኛዋ ሁሉ ፓስፖርት ማውጣት ሲጀምር ስደቱ ከጤና ጣቢያው ወረፋተኛ አልፎ ወደ ጤና ጣቢያው ባለሙያ ገብቷል ማለት ነው።

በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ከሳዑዲ መንግሥት ጋር በተደረገው ስምምነት ከ100,000 በላይ ዜጎች እንዲመለሱ ተወስኖ በረራዎች ተጀምረዋል። ተመላሾቹ ቦሌ ሲደርሱ ይመዘገባሉ፤ ጊዜያዊ መጠለያና ወደ ትውልድ ስፍራቸው የሚያደርስ መጓጓዣ ያገኛሉ። ከእስር ቤት የወጣች ሴት ግን ከመሳፈሪያ ሌላ የሚያስፈልጋት አለ። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልጋታል። ከደረሰባት ድብደባና መደፈር የተነሣ የሴቶች ሐኪም ያስፈልጋታል። እንቅልፍ ነስቷት በሌሊት የምትጮኸዋን ቤተሰብ በጸበልና በዱአ ብቻ እንዲይዛት መተው አይገባም፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ጉዳዩ ከሊሙ ገነት እስከዚያ የሚያደርሳት ሰው ማግኘቱ ላይ ነው። ቦሌ ላይ የተመዘገበው ስም ከመናኸሪያው ጋር እንዳይቀር፣ በምስጢር ተይዞ ወደ ወረዳዋ ጤና ጣቢያ እንዲተላለፍ፣ ጤና ጣቢያውም ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያለ ክፍያ እንዲከታተላት፣ የመድኅን ካርድም ገና በመጣች በወሩ እንዲሰጣት የጤና ሚኒስቴርና የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በአንድ ወረቀት ሊፈርሙበት ይችላሉ። ሥራውን ለመጀመር ሊሙ ኮሳ፣ ጎማና ጌራ ይበቃሉ።