ስለ ጣና ሐይቅና በዙሪያው ስለሚለማው ታዳሽ ኃይል የወጣ የአቋም መግለጫ

እኛ በባሕር ዳር ከተማና በጣና ዙሪያ በኤሌክትሪክ ዝርጋታ፣ በፀሐይ ኃይል ተከላ፣ በባዮጋዝ ግንባታና በማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ሥራ የተሰማራን ባለሙያዎች በማኅበራችን ጥላ ሥር ተሰብስበን፣ ሐይቁ ለአገር ስለሚሰጠው ኃይልና ስለ ዳርቻው ነዋሪ ድርሻ መክረን ይህን የአቋም መግለጫ አውጥተናል።

የጣና ውኃ ለአገር ብርሃን መስጠት ከጀመረ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ጣቢያ አቅሙ 11.4 ሜጋ ዋት ነበር። በ1988 ዓ.ም. የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠርቶ ከሐይቁ የሚወጣው ውኃ በሰው እጅ የሚለካ ሆነ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ ደግሞ ውኃውን ከምዕራባዊው ዳርቻ፣ ከኩንዝላ በኩል ስቦ፣ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በዋሻ አሻግሮና ከ300 ሜትር በላይ ቁልቁል ሰድዶ 460 ሜጋ ዋት ማመንጨት ይችላል። ያው ውኃ በበለስ ወንዝ ዞሮ ዓባይን ይቀላቀልና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት አቅም ባለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ላይ ዳግመኛ ይሠራል። በዚህ እንኮራለን።

ኩራታችን የሚፈተነው ሲመሽ ነው። ከፍተኛ መሥመር በአናታቸው እያለፈ ኩበትና ባሕር ዛፍ እያነደዱ የሚያመሹ ቀበሌዎች ዛሬም አሉ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። ቆጣሪ በገባለት ከተማም ቢሆን መብራት በጠፋ ቁጥር ወፍጮ ይቆማል፤ ሊጡ ምጣድ እየጠበቀ ይኮመጥጣል። ምክንያቱን ሥራችን አስተምሮናል። ከፍተኛ መሥመር መንደርን በቀጥታ አያበራም፤ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ መካከለኛ መሥመር፣ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶና ቆጣሪ ይፈልጋል። ለማመንጨት የተደረገው ርብርብ ለማዳረስ አልተደረገም።

ስለዚህ አቋማችን የሚከተለው ነው።

1. ማመንጨትና ማዳረስ አብረው ይታቀዱ። አዲስ የኃይል ማመንጫ ሲታሰብ ስንት አባወራና እማወራ ቆጣሪ እንደሚገባላቸው ከሜጋ ዋቱ ጎን ይጻፍ። ቅድሚያው ውኃው የሚጠለፍባቸው አካባቢዎች ይሁን፤ ይህ ችሮታ አይደለም፣ ዕዳ ነው። ኢትዮጵያ ለሱዳን፣ ለጅቡቲና ለኬንያ ኃይል መሸጧን አንቃወምም። ከሽያጩ ገቢ ለገጠር ስርጭት የሚውለው ድርሻ ግን ተለይቶ ለሕዝብ ይገለጽ።

2. የሐይቁ ከፍታ ይከበር። ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቁ ሥፍራ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙ አያልፍም። ጥቂት ሲጎድል ዳርቻው ርቆ ይሸሻል። በ1995 ዓ.ም. ውኃው ክፉኛ ሲቀንስ ጀልባዎች መጓዝ አቅቷቸው ነበር። ዓሣው የሚራባበት ረግረግና ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም የሚጎዱት ያኔ ነው። በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበ ሐይቅ እንደ ተራ ማጠራቀሚያ ሊታይ አይገባም። ተርባይን የሚቀንስበት ዝቅተኛ የውኃ ልክ ይወሰን፤ ልኬቱም በየወሩ ይፋ ይሁን። በአንድ ብር ኖት ላይ የታተመው የጢስ ዓባይ ፏፏቴም ዓመቱን ሙሉ የሚወርድ ድርሻ ይመደብለት።

3. ፀሐይ የውኃ አጋዥ ትሁን። ከአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው፤ ዝናብ ያጠረበት ዓመት ጨለማ ያመጣል። ወንዝ በሚቀንስበት በጋ ግን ፀሐዩ ይበረታል። ፓነሎች በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ ጣሪያ ላይ ይተከሉ፤ በፎገራና በደንቢያ በነዳጅ የሚሠሩ የመስኖ ፓምፖችንም ይተኩ። ረግረጉና የግጦሽ መሬቱ አይነኩ። ያረጀ ባትሪ እርሳሱ ወደ ሐይቁ እንዳይገባ የሚሰበሰብበት ሥርዓት ይበጅ።

4. ምድጃው አይረሳ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ አንዲት ትንሽ የፀሐይ መብራት ኩራዝን ታስቀራለች እንጂ እንጀራ አትጋግርም። መብራቷን የተቀበለ ቤት ኤሌክትሪክ አገኘ ተብሎ ባይቆጠር እንመርጣለን። መሥመር እስኪደርስ ድረስ ምርጥ ምድጃና ከከብት እበት የሚገኝ ባዮጋዝ ይስፋፉ፤ የባዮጋዙ ተረፈ ምርትም ለማሳ ማዳበሪያ ነው። በወረታ የሩዝ መፈልፈያዎች ደጅ የሚከመረው እብቅ ተጨምቆ ማገዶ ይሁን። ከሐይቁ የሚታጨደው እምቦጭም ተከትፎ ከእበት ጋር ሊብላላ ይችላል። ይሁንና እምቦጭ መጥፋት ያለበት አረም ነው፤ እንዲኖር የሚፈልግ ንግድ እንዲቋቋምበት አንፈቅድም።

5. ጥገና የተከላው አካል ይሁን። ብዙ ተከላ የሚሞተው አንድ ፊውዝ የሚቀይር ሰው በማጣት ነው። እኛም በበኩላችን፣ አባሎቻችን በተከሉበት ቀበሌ ሁሉ ቢያንስ አንዲት ወጣት ወይም አንድ ወጣት ጠጋኝ ሳያሠለጥኑ ርክክብ እንዳይፈርሙ ወስነናል።

በመጨረሻም የኤሌክትሪክ መሥመርም ሆነ የጥገና ሠራተኛ በየትኛውም ወገን የጥቃት ዒላማ እንዳይሆን አጥብቀን እናሳስባለን። የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትና የአማራ ክልል መንግሥት ከዳርቻው ነዋሪ ጋር በአንድ ጠረጴዛ እንዲቀመጡ ጥሪ እናቀርባለን። ከእንግዲህ በጣና ውኃ የሚሠራ ጣቢያ ሲመረቅ፣ ሪባኑ ከመቆረጡ በፊት በደጁ ያሉት ቤቶች ቆጣሪ ይግባላቸው።

ባሕር ዳር፣ 2018 ዓ.ም.